እሁድ የሚያርሰው ትራክተር

"የድሮው ጌም ይሻል ነበር" የማይል የእኔ ዕድሜ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሱቄ መጥቶ የትራክተር ቀበቶ ወይም የናፍጣ ማጣሪያ የሚገዛው ጎልማሳ፣ ልጅ እያለን አንድ ጌም ቤት ተጋፍተን ያደግን ከሆነ፣ ዕቃውን ተቀብሎ ያንን ወሬ ሳያነሳ አይወጣም። ያኔ ጨዋታ ነበር፣ አሁን ምን አለ፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ጣታቸውን ያሻሉ፣ ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት አንገቴን እየነቀነቅሁ አብሬ ሳማ ኖሬያለሁ። ሐሜት እወዳለሁ፤ ለዚያውም የማይመልስ ማሽን ሲታማ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እንደዚያ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

ጌም ቤቱ መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ የነበረች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለቤቱ ካርቱም ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማሽኑ ድልድዩን ተሻግሮ ከሱዳኗ ገላባት የመጣ ስለሆነ ጽሑፉ በሙሉ ዓረብኛ ነው። ከመካከላችን ዓረብኛ ማንበብ የሚችል አንድ እንኳ አልነበረም። ቢሆንም "ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ ከዚያ ሁለት ወደ ታች፣ ከዚያ እሺ" እያልን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘነው ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ሌላ ጌም ሲጭኑበት መስመሮቹ ተለዋወጡ፤ ሃያ ልጅ ማንበብ እንደጠፋው ዲያቆን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሏ ምድጃ ነበረች። የአንዱ ላብ ከሌላው ይቀላቀላል። ስለዚህ አንድ ሥርዓት ነበረን፤ የተሸነፈ ሰው ተነስቶ ጆይስቲኩን በገዛ ሸሚዙ ይጠርግና ለተረኛው በሁለት እጁ ያስረክባል። ሳይጠርግ የሰጠ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል። ሰዓቱ ሲሞላ ጋሼ ከበሩ ሆነው "ኸላስ!" ይላሉ፤ በቃ ማለት ነው፤ ማንም አይከራከራቸውም። እኔ ብቸኛዋ ሴት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ቦታ የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ሦስት አራቱን በተከታታይ ካስነሳኋቸው በኋላ ግን ቦታዬን ጠባቂ አላስፈለገኝም።

አባቴ ጌም ቤቱን አይወዱትም ነበር። አለመውደዳቸው በጎማ ጠጋኙ በኩል ሲያልፉ በሚያሰሙት ጉሮሮ መጥረግ ይታወቃል፤ የእኔን ስም መጥራት አያስፈልጋቸውም። የወጣትነት ዘመናቸውን ከደጋ ወርደው ይህን በረሃ ሲመነጥሩ ያሳለፉ ሰው ናቸው። የሥራ ሰዓት የሚበላ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ተባይ ነው። ማሳቸው ደግሞ በሽንፋ በኩል ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ አንድ ቀን አይጠብቅም፤ ፍሬው ከፈነዳ መሬት ላይ ይፈስና የዓመት ልፋት የወፍ ይሆናል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ታጭዶ የታሰረው ሰሊጥ ቆሞ እስኪደርቅና እስኪራገፍ ለሳምንታት አይመለሱም። እናቴ ደግሞ አይታ እንዳላየች ታልፈኝ ነበር። የሰሊጥ መድረስ ለአባቴ ጭንቅ፣ ለእኔ ዓመት በዓል ነበር ማለት ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ የልጅነቴ ትልቁ ደስታ የአባቴ ቤት አለመኖር ነበር።

አድጌ የመለዋወጫ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ የራሴን ማሽን ገዛሁ። ከተማውን ለቆ የሚሄድ አንድ ነጋዴ ከነጌሞቹ ነው የሸጠልኝ። እንዴት ያለ ጥራት ነው! የሣሩ ቅጠል ሲወዛወዝ ይታያል፣ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ ይታያል። ተደላድዬ ተቀመጥኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገቤ አስቀመጥኩ፣ ቬንትሌተር ወደ እኔ አዞርኩ። ጎል አገባሁ። ዞር ብል ማንም የለም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋሁት።

መጀመሪያ ማሽኑን ወቀስኩት፤ በየጊዜው ኔትወርክ አምጪ ይለኛል፣ ኔትወርክ ከየት ላምጣ? ቀጥዬ ጌሞቹን ወቀስኳቸው፤ ገና ሳይጀምሩ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ያነብቡልኛል። ከዚያ ዕድሜዬን ወቀስኩ። ወቅሼ ሲበቃኝ እንደማንኛውም የቤት ጌጥ ዳንቴል አለበስኩት። እናቴ በዚያው ዓመት ነው ያረፈችው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ቀረን፤ እሳቸውም ማሳ፣ እኔም ሱቅ፣ ማታ ደህና አመሸሽ ደህና አመሹ ተባብለን የምንተኛ ሁለት ጸጥተኞች ሆንን።

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ጎንደር ወስጄ አሳከምኳቸው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ በምርኩዝ መራመድ ጀመሩ። እጃቸው ግን እንደ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሐኪሙ ለስላሳ ኳስ ሰጠንና "ጣቶቹ ከሠሩ ይመለሳሉ፣ ከተቀመጡ ግን እንደተቀመጡ ይቀራሉ" አለኝ። ቤት ስንደርስ ኳሱን በቀኝ እጃቸው ላስጨብጣቸው ሞከርኩ።

"እንዴ፣ ሕፃን ሁኜ ነው ኳስ የምታጫውችኝ?" አሉ። ኳሱ ከአልጋ ሥር ገባ። ከዚያ አልወጣም።

ሰኔ ገባ፤ ሰው ሁሉ ለዘር ሲሯሯጥ አባቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘሩ ዋሉ። መሬቱን ለአንድ የቆየ ጎረቤታቸው የእኩል ሰጡት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። እንዲህ ተቀምጠው ሳሉ ነው አንድ ቀን ፊታቸውን ሳያዞሩ የተናገሩት።

"ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና ፈልጊልኝ። አገሬ ገብቼ ደጀ ሰላም እቀመጣለሁ። እዚህ ምን እሠራለሁ?"

አገራቸው የሚሉት ከሃምሳ ዓመት በፊት ጥለውት የወረዱትን መንደር ነው። እዚያ የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሊሞቱ እንደሚሄዱ ገባኝ። እኔ ግን አባት ሲናገር እሺ ማለት ነው ያደግሁበት። "እሺ አባ" አልኩ። ሱቄ ሄጄ፣ ከዘይት በርሜሎቹ ጀርባ ቆሜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ለአንድ የጭነት ሾፌር ደንበኛዬ፣ ከመስቀል በኋላ ሲወጣ አባቴን እንዲያሳፍርልኝ ነገርኩት። ታዛዥ ልጅ ነኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ዳንቴሉን ገለጥኩና ማሽኑን አበራሁ። ነጋዴው ከተወልኝ ጌሞች መካከል አንድ የእርሻ ጌም ነበር። ከፍቼው አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የትራክተር ዕቃ ስሸጥ የምውል ሰው ቤት ገብቼ ደግሞ ትራክተር ልነዳ? መሰልቸት የማያስደርገው ነገር የለም፤ ከፈትኩት። የሞተሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አባቴ ከግድግዳው ፊታቸውን አዞሩ። ከታመሙ ወዲህ ጠርቻቸው ሳይሆን በራሳቸው ሲዞሩ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

"የማን ትራክተር ነው?" አሉ።

"ጌም ነው አባ። የእውነት አይደለም።"

ትንሽ አዩት። "ዛሬ እሁድ አይደል?"

"እሁድ ነው።"

"ታዲያ በሰንበት የሚያርሰው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነው።

"አንች?" አሉ፤ እንዲህ ያለ ቁጣ ከደረታቸው ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። "አጥፊው! እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?" ወዲያው አጠፋሁት። እንደ ልጅነቴ ደነገጥኩ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። የተቆጣ ሰው አልሞተም።

በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ተስተካክለው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ምሳቸውን ሳይነኩ "ያ የትናንቱ አራሽ ዛሬ ቦዘነ እንዴ? ሰኞ እኮ ነው" አሉኝ። ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ። ወዲያው ትችቱ ወረደብኝ። አዟዟሬ ሰፊ ነው፣ ያልታረሰ ጥግ ትቻለሁ፣ ከብት በየት ይለፍ ብዬ ነው ዳር እስከ ዳር ያረስኩት? የሚዘራውን ስነግራቸው ደግሞ ባሰባቸው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሱፍ። "ሰሊጥ የለውም? ማሽላስ? ይኸ ሰው ምን ሊሆን ነው የሚያርሰው?" ጥግ ስቼ ሁለተኛ ስመለስ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እስቲ ስጭኝ" አሉ።

ጆይስቲኩን በግራ እጃቸው ያዙት። የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ እኔ አስቀመጥኩላቸው። መሪው በግራ አውራ ጣት ነው፤ ነዳጁ ግን በቀኝ ሌባ ጣት ነው የሚጫነው። ይህን እኔ አላቀድኩትም፤ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች እንዲህ አድርገው ነው የሠሩት፤ ዕድሜ ይስጣቸው። አባቴ ጣታቸውን ለመጫን ሲታገሉ ትራክተሩ ነቅነቅ አለ፣ ትንሽ ተንፏቀቀ፣ ቆመ። ደግሞ ነቅነቅ አለ፣ ቆመ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ጆይስቲኩን ጥለው ወደ ግድግዳው የሚዞሩ መሰለኝ።

አዳመጡትና "ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል" አሉ።

እዚህ አገር ናፍጣ በበርሜል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሃ ይገባበታል፤ ትራክተር ሲንተፋተፍ የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ነው። ስንቱ ገበሬ ይህንኑ ብሎኝ ማጣሪያ ሸጬለታለሁ። "ማጣሪያውም ሳይደፈን አይቀርም። ሱቅሽ የለም እንዴ? ነገ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። አባ፣ ጣትዎ ነው እንጂ ናፍጣው ምን አደረገ፣ የሚል አንደበት አልነበረኝም።

"እሺ አባ፣ እቀይረዋለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ቀየርኩት ብዬ ዋሸኋቸው። ሞከሩት፤ ከትናንቱ አንድ እርምጃ አለፈ። "አየሽ?" አሉ። ነዳጁን ወደ ግራ ጣት ማዛወር እንደሚቻል ከቀናት በኋላ አወቅሁ፤ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። አላዛወርኩትም። ጥርሳቸውን ነክሰው ሲታገሉ ሳይ ጨካኝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ግን አላዛወርኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄን ለምሳ ስዘጋ እየሮጥኩ ነው የምሄደው። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ባጃጅ ሲጠፋ በእግሬ። አባቴ ቁርስ ከበሉ ጀምሮ ያንን ማሳ ሲያስቡት ይውላሉና ስደርስ ትእዛዙ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ትራክተሩ ዝናብ ላይ ማደር የለበትም፤ መጠለያ ይግባ። ዛፉ አይቆረጥ፤ ሠራተኛ በምን ይጠለላል? ጌሙ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫን የተቀጠረ ሠራተኛ መጥቶ ያርሳል። ይህን ባሳየኋቸው ቀን መዓት ወረደብኝ።

"ከየት ነው የመጣው? ከጎጃም ነው ከወሎ?"

"አላውቅም አባ።"

"ሳትጠይቂ ነው የቀጠርሽው? ምሳውንስ ማን ይሰጠዋል?"

ምሳ የሚባል ነገር ጌሙ ውስጥ የለም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ እዚያ ቀትር ሲሆን አባቴ ሠራተኛውን ያስቆሙታል። ትራክተሩ መሐል ማሳ ላይ ቆሞ፣ እኛም ቁጭ ብለን፣ ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን። በየዓመቱ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን ሰዎች እንዲህ ነበር የሚያሠሩት፤ ሳይበላ ያጨደ ሰው ሰሊጡን ይረግመዋል ይሉ ነበር። ስቄ ስቄ ሆዴን እይዛለሁ። እሳቸው አይስቁም፤ በሥራ የሚስቁ ሰው አይደሉም።

በዓሉ ግን ከሁሉ የባሰው ነው። አንድ ቀን ስንዴው ደርሶ ልናጭድ ስንል ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር አዩ።

"ስንት ነው የሚለው?"

"አሥራ ሁለት።"

ጣታቸውን አነሱ። "ሚካኤል ነው።"

"አባ፣ ይኸ እኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሚካኤል ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል።"

በጥሞና አሰቡበት። "መሬቱ የማን አገር ነው?" አሉ። የፈረንጅ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳቸው። "እንግዲያው በዚያ አገር ዛሬ ነው ሚካኤል። አይታጨድም።"

"የእኛ ሚካኤልስ ሲደርስ?"

"ያን ቀንማ ማሽኑንም አንነካውም። በሁለቱም እንዲከበር ነው እንጅ!"

ጌሙ ላይ ቀኑን ማስሮጥ ይቻላል። "ቶሎ ላሳልፈው?" ብላቸው "በዓል ይሮጣል?" አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። የቆመ ትራክተርና የደረሰ ስንዴ እያየን፣ ጌሙ ውስጥ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ሚካኤልን አከበርን። ሱቄ ሳይከፈት ዋለ። በዚያ ላይ እዚያም ዝናብ መጣና ስንዴው መበላሸት ጀመረ። "አባ ስንዴው ሊሄድ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ የእውነት ነው የጮህኩት። "ይሂዳ" አሉ። ግማሹ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣመኝ ጨዋታ የለም፤ ማናችንም አንድ ቁልፍ አልነካንም ነበር።

ስለዚህ ጌም እንደ ድሮው ይጥማል ወይ ለሚለኝ ሰው አሁን መልስ አለኝ። ይጥማል። የጎደለው ማሽኑ ላይ አልነበረም፤ ከጎኔ ሆኖ "ኧረ አበላሸሽው!" የሚለኝ ሰው ነበር የጎደለኝ። ያ ሰው ደግሞ በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ተቀምጦ ነበር። ልጅ ሆኜ ከእሳቸው ተደብቄ የምሮጥበት ነገር፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ወደ እሳቸው የምሮጥበት ሆነ። ለዚህ ማንን እንደማመሰግን ስለማላውቅ ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔርን፣ ነጋዴውን፣ የዚያን ቀን አላስወጣ ያለኝን ዝናብ።

ጳጉሜ ላይ እንደ ልማዴ ለምሳ ገባሁ። አባቴ እንጀራውን በቀኝ እጃቸው ቆርሰው ሲጠቀልሉ አየሁ። ጉርሻው ትንሽ ፈሰሰ፤ ሌላው አፋቸው ገባ። እሳቸው ልብ አላሉትም፤ ስለ ሱፉ ዘር እያወሩኝ ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ ጓሮ ወጣሁና አንጀቴ እስኪርስ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ "ምን ሁነሽ ነው?" አሉኝ፤ "በርበሬው" አልኳቸው። ወጡ አልጫ ነበር።

በዚያው ሰሞን መሬቱን የእኩል የያዘው ጎረቤት ስለ ሰሊጡ ሊነግራቸው መጣ። አባቴ በጌሙ ውስጥ ትራክተሩን ቀጥ አድርገው እየነዱ ነበርና ሰውየው ገርሞት ቆሞ አየ። "መጀመሪያ ሰሞን ይንተፋተፍ ነበር" አሉት። "ውሃ ገብቶበት።" ከዚያ ቀኝ ሌባ ጣታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። "እዚህ ነበር የገባው። ልጄ በየቀኑ ማጣሪያ ስትቀይርልኝ ከረመች።" ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ መሬት ነው ያየሁት። ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር።

መስቀል አለፈ። መንገዱ ደረቀ። ሾፌሩ ቃሉን ጠብቆ ማክሰኞ ጠዋት እንደሚወጣ ነገረኝ። አባቴ ስለ መሄድ ከሰኔ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ስነግራቸው ግን "ደግ" አሉ። ቦርሳቸውን ራሳቸው አዘጋጁ። ቀርተዋል ብዬ ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበርና ያቺ አንዲት ቃል ያንን ወሰደችብኝ። ግን አባት ደግ ካለ ምን ይባላል? ስንቃቸውን ቋጠርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ለብሰው፣ ቦርሳቸው ከእግራቸው ሥር ሆኖ፣ ከጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል።

"ትናንት በቆሎ ዘርቻለሁ" አሉኝ። "ዘርቼ ትቼ ልሂድ?"

ልቤ የተረዳውን አፌ አልተረዳም። ሲጨነቁ ሳይ ላረጋጋቸው ፈለግሁ። "አያስቡ አባ። ማሽኑ ሲጠፋ እዚያም ቀኑ ይቆማል። ዓመት ቢቆይ አይበላሽም" አልኩ።

"ዝናብ አይመታውም?"

"አይመታውም።"

"ወፍስ?"

"ወፍም አይነካውም።"

ፊታቸው ጠቆረ። የመኪናው ጥሩምባ ውጭ ጮኸ። ምርኩዛቸውን በግራ፣ ቦርሳቸውን በቀኝ ይዘው ተነሱ። ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አልዞሩም።

"ክረምቱን ሙሉ" አሉ፣ "አንድ ቀን እንኳ አይሂዱ አላልሽኝም።"

እኛ ዘንድ ለአንድ ሰዓት የመጣ እንግዳ እንኳ ሲነሳ ሦስት ጊዜ ይለመናል፤ ኧረ ቁጭ ይበሉ፣ የት ይሄዳሉ፣ ምን አስቸኮለዎ ይባላል። እሄዳለሁ ያለ ሰው የሚጠብቀው ይኸንን ነው። እኔ አባቴ እሄዳለሁ ሲሉ እሺ ብዬ መኪና ፈለግሁላቸው። አራት ወር ሙሉ ቆመው ሲጠብቁኝ፣ እኔ አክብሬ ስሸኛቸው ነበር።

"አይሂዱ አባ" አልኩ።

"እ?"

"አይሂዱብኝ። ማን አለኝ?"

ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ሦስተኛውን ልል አፌን ብከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ቦርሳውን ከቀኝ እጃቸው ልቀበል ያዝኩት። አልለቀቁም። ሳብ አደረግሁት፤ አልለቀቁም። ያ ጭናቸው ላይ ተጥሎ የነበረ እጅ፣ ሁለቱን እጆቼን ይዞ አላንቀሳቅስ አለኝ። ቀና ስል እያዩኝ ነው፤ ይጠብቃሉ።

"ከእኔ ጋር ይቀመጡ" አልኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ያን ጊዜ ጣታቸውን ፈታ አድርገው ቦርሳውን ለቀቁልኝ።